መንገዱን ዘግቶ የእሳት አደጋ ሠራተኛን መውቀስ ይብቃ!



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፈው የውኃ ፈረቃ፣ የዕድር መዋጮና የጽዳት ዘመቻ ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ግን ከዚያ ከበድ ያለ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጽሑፉ አንዳንድ ሰው ያስቀይም ይሆናል። የሚቀየም ቢኖር ተቀይሞም ቢሆን እስከ መጨረሻው እንዲያነብበው እንጠይቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው በጋ በታችኛው መተላለፊያ በአንድ ግቢ ውስጥ የተነሣው እሳት ሁለት ክፍል ቤትና አንድ ማዕድ ቤት በልቶ መጥፋቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ የፈጣሪ ቸርነት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡና በተፈላበት ሁሉ፣ በየሱቁ በረንዳና በየዕድሩ ስብሰባ የሚሰማው ወሬ አንድ ብቻ ሆኗል። «የእሳት አደጋ ሰዎች ዘግይተው መጡ፤ ሲመጡም ውኃ አልያዙም፤ ምን ይሠሩልናል?» ይባላል። እንዲህ የሚሉት ልጆች ቢሆኑ ባልከፋ፤ ግን ትልልቅ ሰዎችና የተማሩ ሰዎችም ጭምር ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

እኛ ይህን ወሬ አንቀበለውም። ሐሰት ነው፤ ከሐሰትነቱም በላይ ጎጂ ነው እንላለን። ሐሰት መሆኑን ከዚህ በታች በተራ እናስረዳለን። ጎጂ የሚሆነው ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በሌላ ሰው ላይ አላክኮ እውነተኛውን በሽታ እንዳናይ ስለሚያደርግ ነው። በሽታው ሩቅ አገር አይደለም፤ ከደጃችን ነው። መንገዱ ተዘግቷል!

«ውኃ ሳይዙ መጡ» ስለሚባለው

እስቲ በረጋ መንፈስ እናስላው። አንድ የእሳት አደጋ መኪና 5,000 ሊትር ውኃ ይዞ መጣ እንበል። ይህ ማለት 250 ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን ነው። ብዙ ይመስላል። አንድ ትልቅ ጎማ በደቂቃ 500 ሊትር ቢረጭ ያ ሁሉ ውኃ በ10 ደቂቃ ያልቃል። ሁለት ጎማ ከተከፈተማ በ5 ደቂቃ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው ሄዶ መቅዳት ወይም ሌላ ቦቴ መጥቶ ማቀበል አለበት። እንግዲህ ዘግይቶ ከቤቱ የወጣ ሰው የሚያየው ውኃ የጨረሰውን መኪና ነው። ያንን አይቶ «ባዶውን መጣ» ብሎ ያወራል፤ የሰማው ሰው ይጨምርበታል፤ ማታ ላይ ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ያድራል።

ሌላም አለ። መኪናው መግባት አቅቶት አስፋልት ላይ ሲቆም ጎማ በጎማ እየተቀጠለ በጠባብ መተላለፊያ፣ በአጥር ጥግ፣ በደረጃ ላይ መጎተት አለበት። ጎማው በረዘመና በተጠማዘዘ ቁጥር የውኃው ኃይል እየደከመ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሕዝቡ እየረገጠው ይተራመሳል። አስፋልቱ ላይ ጣራ የሚነቅል ውኃ ጫፉ ላይ ሲደርስ አትክልት የሚያጠጣ ይመስላል። ይህ የማን ጥፋት ነው? የጎማው ነው? የሠራተኛው ነው? ወይስ መንገዱን እንዲህ ያጠበበው ሰው?

«ዘግይተው መጡ» ስለሚባለው

እሳት እንደ ሰው ሰዓት አያከብርም። የድሮ ፍራሽ ጥጥ ወይም ጭድ ነበር፤ ሲቃጠል ቀስ እያለ ይጨስ ነበር። የዛሬው ስፖንጅ፣ ሶፋና ፕላስቲክ ግን እንደ ነዳጅ ነው የሚቀጣጠለው። እንዲህ ያለ ዕቃ በሞላበት ክፍል ትንሿ እሳት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ክፍሉን በሙሉ ልትውጥ ትችላለች። ከነበልባሉ በፊት ደግሞ ጭሱ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ወሳኙ ጊዜ መኪናው ከጣቢያ ከመነሣቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ በማን እጅ ነው? በነዋሪው እጅ ነው።

ታዲያ በዚያ ቀን ምን ሆነ? «እሳት! እሳት!» ተብሎ ሲጮኽ ብዙ ሰው ሮጦ ወጣ፤ ይህ የሰፈራችን ወግ ነው፤ ያኮራል። ከሮጡት ውስጥ ባልዲ የያዙ፣ አፈር የበተኑ፣ ሕፃናት ያወጡ ጀግኖች ነበሩ። ግን ስልኩን ከፍ አድርጎ ሥዕል የሚያነሣውም ጥቂት አልነበረም። በዚያው ስልክ 939 ብሎ መደወል ይቻል ነበር እኮ! ሁሉም «ሌላው ደውሏል» ብሎ ያስባል፤ በመጨረሻ የሚደውለው ይዘገያል። የደወለውም «ቶሎ ድረሱ፣ ተቃጠልን!» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። የት ነው? በየትኛው መግቢያ? ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጀርባ? የቤት ቁጥሩን ከእኛ ውስጥ ስንቱ ሰው በቃሉ ያውቀዋል? ሾፌሩ ነቢይ አይደለም። በምልክት ነው የሚመጣው፤ ምልክቱን የሚነግረው ሰው ከሌለ አስፋልት ላይ ቆሞ መጠየቅ ግዴታው ነው።

ቀልድ ብለው በዚያው ቁጥር የሐሰት ጥሪ የሚያደርጉም አሉ። ለሐሰት ጥሪ የተነሣ መኪና ለእውነተኛው እሳት ሊደርስ አይችልም። ወላጆች ልጆቻችሁን በዚህ ጉዳይ ምከሩ፤ ቅጡም።

መኪናው አስፋልቱ ድረስ ደረሰ። ከዚያስ? ትልቅ የእሳት አደጋ መኪና ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው። የታችኛው መተላለፊያችን አፉ ላይ ሰፊ ነው፤ ሃምሳ እርምጃ ሲገባ ግን በአንድ በኩል የተገፋ አጥር፣ በሌላ በኩል የቆርቆሮ ሱቅ፣ ቀጥሎ ጎማ የሌለው አሮጌ መኪና፣ ቀጥሎ የድንጋይና የአሸዋ ክምር አለ። እኛ በሜትር ለክተነዋል። ከሁለት ሜትር በታች የሆነበት ቦታ አንድ ብቻ አይደለም። ጋሪ እንኳ ተገፍቶ ነው የሚያልፈው። እንግዲህ መኪናው ይብረር?

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?

ሰው የሚሰድበውን ሰው ማወቅ አለበት። እሳት አጥፊ ቤት ሲቃጠል ሁሉም ከሚሸሽበት ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። በጀርባው የሚሸከመው የአየር ሲሊንደር የሚያገለግለው ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው መርዝ ነው። ሥራውም እሳት ብቻ አይደለም። በክረምት ጎርፍ የወሰደውን፣ ጉድጓድ የገባውን፣ ኩሬ የበላውን ሕፃን ጠልቆ የሚያወጣው እሱ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችን ሲያልቁ ክምሩን ሲቆፍሩ ከነበሩት ውስጥ እነዚህ ሰዎች ነበሩ።

ከተማችን እሳትን የምታውቀው ዛሬ አይደለም። አዲስ አበባ የሣር ቤት በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ራሱ ተቃጥሎ እንደ ገና ተሠርቷል። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት በወጡ ጊዜ፣ ጠላት ከመግባቱ በፊት ከተማው ተዘርፎ ተቃጥሏል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የሕዝቡን ጎጆ ሰው በውስጡ እያለ አቃጥለዋል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንንም ለኩሰዋል። በዚያን ጊዜ እሳት የጠላት መሣሪያ ነበር። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በንፋስ ስልክ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ከተማው በሙሉ ተናውጧል፤ ብዙ ሰውም አልቋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲወድም ያየነው ትናንት ነው። የሰውን ዕድሜ ልክ ላብ እሳት በአንድ ሌሊት በላው። በዚያን ዕለት የከተማው ባለሥልጣኖችም የተናገሩት፣ በቴሌቪዥንም የታየው አንድ ነገር ነበር፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪናዎቹ እንደ ልብ ሊገቡ አልቻሉም። መርካቶ ላይ የደረሰው ነገር በእኛ ሰፈር የማይደርስበት ምን ምክንያት አለ?

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ200 ዓመት በፊት የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ ያን ያህል ሰፊ ያልሆነች፣ ቤቶቿ የተደራረቡ፣ መተላለፊያዎቿ እንደ እኛው የጠበቡ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1824 ከተማዋ የራሷን የእሳት አደጋ ቡድን አቋቁማ ጄምስ ብሬድውድ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት አዛዥ አደረገችበት። ይህ ሰው አባላቱን የመረጠበት መንገድ ለእኛም ትምህርት ነው። ጉልበተኛ ብቻ አልፈለገም። ጣራ ሠሪ፣ አናጢ፣ ግንበኛ፣ ቀጥቃጭና ቧንቧ ሠሪ ሰበሰበ። ጣራ ሠሪው ጣራ ላይ መሄድ ይችላል፤ አናጢውና ግንበኛው የትኛው ወለልና ግድግዳ ሊናድ እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ ቀጥቃጩና ቧንቧ ሠሪው የውኃውን መሣሪያ ይጠግናሉ። እንዲህ ያለ ሙያተኛ በሰፈራችን ሞልቶ የለም እንዴ?

ቡድኑ በተቋቋመ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ በኅዳር ወር፣ በአንዱ ጠባብ መተላለፊያ ታላቅ እሳት ተነሣ። ለቀናት ነደደ፤ 13 ሰው ሞተ፤ በብዙ መቶ የሚቆጠር ቤተሰብ ያለ መጠለያ ቀረ። በዚያን ጊዜ የከተማው ሹማምንትና ታላላቅ ሰዎች ሁሉ አዛዥ ሆኑ። አንዱ «በዚህ በኩል ርጩ» ይላል፤ ሌላው «አይ፣ ወደዚያ» ይላል። ሥራው ተምታታ። በኋላ ሕዝቡ ጥፋቱን ሁሉ በዚያ ወጣት ላይ ሊጭን ፈለገ። ነገሩ ሲመረመር ግን ለወደፊቱ እሳት በተነሣበት ቦታ የሚያዝዘው የእሳት አደጋው አለቃ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። እኛ ዘንድስ? እሳት በተነሣ ቁጥር ሃምሳ አዛዥ ይወለዳል። አንዱ ባለሱቅ ጎማውን ወደ ራሱ ሱቅ ይጎትታል፤ ሌላው ድንጋይ አንሥቶ «ለምን ዘገያችሁ!» ይላል። ድንጋይ የተወረወረበት ሰው እንዴት አድርጎ ያድንሃል?

የዚያ ሰው መጨረሻም ይነገር። ብሬድውድ በኋላ ወደ ለንደን ሄዶ የዚያን ከተማ የእሳት አደጋ ቡድን መራ። በመጋዘኖች መካከል እሳት እንዳይዛመት የብረት በር እንዲኖርና እንዲዘጋ ሲመክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1861 በቱሊ ስትሪት መጋዘኖች እሳት ሲነሣ የብረት በሮቹ ነበሩ፤ ግን ክፍት ተትተው ነበር። እሳቱ ተዛመተ፤ ብሬድውድም አባላቱን ሲያበረታታ ግድግዳ ተንዶበት ሞተ። የተመከረውን ያልሠራው ሌላ፣ የሞተው ሌላ! እኛ የምንፈራው ይህንኑ ነው። ነገ በሰፈራችን መተላለፊያ መውጫ ያጣ አንድ የሰው ልጅ እሳት አጥፊ ቢቀር፣ የእናቱን እንባ የሚያብሰው ማነው? አጥሩን የገፋው ሰው ነው?

ቤታችን እንዴት ነው የተሠራው?

አብዛኛው የሰፈራችን ቤት ጭቃ ቤት ነው፤ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ነው። ቤት ከቤት ተያይዞ በአንድ ግድግዳና በአንድ ጣራ ስለሚጋራ ከአቡጀዴው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ለእሳት ዋሻ ይሆንለታል። የአንዱ ማዕድ ቤት ሲነድ ጎረቤቱ ሳይሰማ እሳቱ በጣራው ሥር ተጉዞ አራተኛው ቤት ላይ ይወርዳል።

ይህ እንዲህ የሆነው ነዋሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የቀበሌ ቤት ጠጋኝ አጣ። ቤተሰብ ሲበዛ በጓሮ አንድ ክፍል፣ በደጅ ሌላ ክፍል ተቀጠለ። ልጅ አገባ፤ ሌላ ክፍል ተጨመረ። ድህነት ነው የገነባው፤ ድህነትን ደግሞ አንሰድብም።

የማንምረው ግን አለ። ለአንድ ምጣድ በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ሦስት ምጣድና ሁለት ምድጃ የሚሰካ፣ ሌሊት የገመዱ ፕላስቲክ ሲሸት «ነገ አሠራዋለሁ» የሚል ሰው ድሀ ስለሆነ አይደለም። ነዳጅ ጠፋ በተባለ ቁጥር ቤንዚን በጄሪካን አልጋ ሥር እያጠራቀመ የሚቸረችርም ድሀ ስለሆነ አይደለም፤ ጎረቤቱን ስለናቀ ነው። እሳት አጥፊው በዚያ ቤት ሲገባ አልጋው ሥር ምን እንዳለ አያውቅም። ይህ በሰፈራችን እንዳለ እናውቃለን። ስም አንጠራም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸውን ያውቃሉ። ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ካላነሡት ግን በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት እንነጋገራለን።

«ዝም በሉ፤ ያፈርሱናል» ስለሚሉን

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ደረስን። ይህን ጽሑፍ ልንለጥፍ መሆኑን የሰሙ አንዳንድ ነዋሪዎች መጥተው «እባካችሁ ተዉት። መንገዱ ጠበበ ብላችሁ ከጻፋችሁ ያዩትና መጥተው ያፈርሱናል» አሉን። ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በከተማችን የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ፒያሳን ጨምሮ ስንት ነባር ሰፈር እንደ ፈረሰ፣ ስንት ጎረቤት ተበትኖ ዕድሩ እንደ ተበተነ ሁላችንም አይተናል። የሚፈራውን ሰው አንሳለቅበትም።

ግን መልሳችን ይህ ነው። ዝምታ ቤት አያድንም። ጠባብ መሆኑን ለማየት የእኛ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ማን ነው? ከላይ የሚነሣው ፎቶግራፍ አጥሩን ከነበሩ ያሳያል። እሳት ደግሞ ከማንም በላይ ጨካኝ አፍራሽ ነው፤ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ካሳ አይከፍልም፤ ምትክ ቤት አያሳይም፤ ዕቃ አውጡ አይልም። ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ «ቀድሞውንም ለመኖሪያ የማይሆን ሰፈር ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ያኔ ነው ሰፈሩ በእርግጥ የሚጠፋው። ነዋሪው በገዛ እጁ ያጸዳው፣ መኪና የሚገባበት፣ የተደራጀ ሰፈር ግን «እኛ ሰፈራችንን እንጠብቃለን» ብሎ ቆሞ ለመከራከር አፍ አለው።

ስለዚህ በግልጽ ይታወቅልን። መንገድ ይከፈት ስንል የማንም መኖሪያ ቤት ይፍረስ ማለታችን አይደለም። ሰው የሚተኛበትን አንዲት ክፍል አንነካም፤ እንዲነካም አንጠይቅም። የምንጠይቀው የሚነሣው እንዲነሣ ነው። የድንጋዩ ክምር፣ የሞተው መኪና፣ ቁልፍ የማይገኝለት ኮንቴይነር፣ የተገፋው የቆርቆሮ አጥርና መተላለፊያ ላይ የተዘረጋው የሱቅ በረንዳ ይነሣ። ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች ቦታ ይለወጥላቸው እንጂ አይባረሩ። የሰው እንጀራ ዘግተን መንገድ አንከፍትም።

ለሚመለከተው ቢሮም የምንለው አለ

ነዋሪውን ብቻ ወቅሰን ብንተው አድልዎ ይሆናል። ከአስፋልቱ ዳር የነበረው የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ በመንገድ ሥራ ጊዜ ተቀብሮ ቀርቷል፤ የት እንዳለ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምሰሶው ዘንብሎ ሽቦው ቆርቆሮ ሊነካ ደርሷል። ስለ ሁለቱም ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ ጽፈናል፤ ማኅተም ተመትቶ ገብቷል፤ መልስ ግን አልመጣም። «ነገ ኑ» ተብለን ሄደናል፤ «ባለሙያው መስክ ወጥቷል» ተብለን ተመልሰናል። ውኃ መቅጃ ቀብሮ አበባ መትከል ልማት አይባልም! ሠራተኛው ያለ ውኃ እሳት እንዲያጠፋ የሚልከው ሰው ከሠራተኛው በፊት ሊጠየቅ ይገባዋል። ይህን ደብዳቤ መልስ እስኪመጣ ድረስ በየወሩ እናድሳለን፤ ግልባጩንም እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

1ኛ/ ታችኛውና ላይኛው መተላለፊያ ቢያንስ ሦስት ሜትር ተኩል ክፍት እንዲሆኑ፣ ተነሺ የሆነ ነገር ሁሉ በባለቤቱ እጅ ይነሣ። አቅም ላጣ ሰው የሰፈሩ ወጣቶች በጉልበት ይረዱታል።

2ኛ/ በመተላለፊያው አፍ ላይ የተተከለው የብረት ዘንግ ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ አይቅር። አንዱ ቁልፍ ከሌሊት ጥበቃው ዘንድ፣ አንዱ ከዕድሩ ዳኛ ዘንድ ይሁን።

3ኛ/ ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ ደግ ነው። ላልሞተው ሰውስ? ከመዋጮው ላይ ጥቂት ተቀንሶ የዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ ረጅም መሰላልና የአሸዋ በርሜል ይገዛ። ጥሩምባውም ለቀብር ብቻ አይነፋ። እሳት ሲነሣ ሳያቋርጥ ቢነፋ ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል።

4ኛ/ በየመተላለፊያው ሁለት ወጣት ይመደብ። አንዱ 939 ይደውላል፤ ምልክቱን፣ መግቢያውንና ምን እየነደደ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሳይባልም ስልኩን አይዘጋም። ሌላው ሮጦ አስፋልት ላይ ቆሞ መኪናውን ያስገባል።

5ኛ/ ቤንዚን በመኖሪያ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይከማች። የተላጠ ገመድ ይለወጥ። ዘይት በመጥበሻ ላይ ሲነድ ውኃ አይደፋበት፤ በክዳን ይታፈን። የኤሌክትሪክ እሳትም ቆጣሪው ሳይጠፋ ውኃ አይነካው።

6ኛ/ እሳት አጥፊዎቹ ሲደርሱ የሚያዝዘው አለቃቸው ብቻ ነው። ጎማ መርገጥ፣ ጎማ መጎተት፣ መሳደብና ድንጋይ ማንሣት የዚህ ሰፈር ሰው ሥራ አይደለም። በቤት ውስጥ ሰው ወይም የጋዝ ሲሊንደር መኖሩን የሚያውቅ ግን ቶሎ ለአለቃው ይንገር።

7ኛ/ እሳት ሳይነሣ እንጋብዛቸው። በቅርብ ካለው ጣቢያ መጥተው መተላለፊያችንን በእግራቸው ይዩ፤ መኪናቸውን ያስገቡና ይሞክሩ። ቡና እናፈላላቸዋለን። በእሳት ቀን ብቻ የሚተዋወቅ ሰው መወቃቀሱ አይቀርም።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። እሳት ትንሽ ሳለች ቅጠል ይበቃታል፤ ካደገች በኋላ ግን ቦቴም አይበቃትም። የእኛ ቅጠል እንግዲህ ከመንገድ ላይ የሚነሣው ድንጋይና ወደ ውስጥ የሚመለሰው አጥር ነው። ይህን ሳያደርግ የእሳት አደጋ ሠራተኛን የሚወቅስ ሰው የመውቀስ መብት የለውም። ይህን አድርጎ፣ መንገዱን ከፍቶ፣ በጊዜ ደውሎ፣ መኪናውን መርቶ አስገብቶ ከዚያ በኋላ የዘገየ ካለ ግን እኛ ቀድመን እንጮኻለን፤ ያኔ ጩኸታችን ይሰማል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ለመነጋገር የፊታችን እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በዕድሩ ዕቃ ቤት ፊት ለፊት ስብሰባ አለ። የተቃወመም ይምጣ፤ ተቃውሞውን በሰው ፊት ይናገር። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ስብሰባው እንዳለቀ በድንጋዩ ክምር እንጀምራለን።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር